ዕድልን ለምን እንከሳለን?

ስለ ካርታ ጨዋታ በተማሪዎች መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የወረቀት ብክነት መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን ሰዎች በአንድ ሕግ ተወዳድረው ማን እንደሚያሸንፍ የሚወሰንበት ነገር ሁሉ፥ ጨዋታም ቢሆን፥ የፍርድ ጉዳይ ነው።

እየተገዙ ከሚሰበሰቡትና ከሚለዋወጡት የውድድር ካርታዎች ቀዳሚ የሆነው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ሪቻርድ ጋርፊልድ በተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። በተለመደው ውድድር ተጫዋቹ ቢያንስ 60 ካርታ ይዞ ይቀርባል፤ ከነዚህም ብዙውን ጊዜ 24 ያህሉ «መሬት» የሚባሉት ናቸው። የሌሎቹ ካርታዎች ዋጋ የሚከፈለው ከመሬት በሚገኝ ኃይል ስለሆነ፥ መሬት ያልደረሰው ሰው እጁ በጀግና ቢሞላም አንዱንም ሊያሰልፍ አይችልም።

ስለዚህ የተሸነፈ ሁሉ ዕድሉን ሲራገም እንሰማለን። ክሱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ከ60ው 24ቱ መሬት ቢሆኑ፥ መጀመሪያ በሚሳቡት 7 ካርታዎች ውስጥ መሬት አንድ ብቻ መገኘቱ ወይም ጭራሽ መታጣቱ ከ100 ጊዜ 14 ያህል ይደርሳል። ሆኖም ይህ አደጋ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ነው። ብልህ ተጫዋችም መሬቱን በልክ በማድረግና ርካሽ ካርታዎችን በማብዛት ይቀንሰዋል። በ2019 የወጣውም ደንብ ክፉ እጅ የደረሰው ሰው ካርታውን መልሶ፥ እንደገና 7 ስቦ፥ አንዱን ወደ ታች እንዲያኖር ፈቅዶለታል። ዕድል የሌለበትን የሚሻ ሰው ቼዝ አለለት፤ ገበጣም አለለት። በዚያ ግን ጀማሪው ከሊቁ ጋር አሥር ጊዜ ቢቀመጥ አሥር ጊዜ ተሸንፎ ይነሣል።

እንደ እኛ አስተያየት መከሰስ የሚገባው ሌላ ነው፤ ይኸውም የካርታ ኃይል ከዓመት ወደ ዓመት ማበጡ ነው። በ1993 የወጣችው «ሴራ ኤንጀል» በ5 ዋጋ የምትሰለፍ፥ ጉልበቷ 4፥ ጽናቷም 4 የሆነ በራሪ መልአክ ነበረች። በ2009 የመጣችው «ቤንስሌየር ኤንጀል» በዚያው በ5 ዋጋ ጉልበቷም ጽናቷም 5 ሆኖ፥ ቀድማ ትመታለች፤ በመታችውም ልክ ለባለቤትዋ ዕድሜ ትጨምራለች። እርስዋም በ2008 ከተጀመረውና በ8 ፓኬት አንድ ያህል ብቻ ከሚገኘው የብርቆች ብርቅ ወገን ናት። እንግዲህ አሮጌውን የያዘ ተማሪ ምን አጠፋ? አዲሱን ለመግዛት ኪሱ አልፈቀደለትም እንጂ!

በ2019 መጸው የታተመው «ኦኮ» ደግሞ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ ሁለት ወር ሳይሞላው ከዋናው ውድድር ታገደ። እገዳው ተገቢ ነው፤ ገዢው ግን ገንዘቡን ከፍሎ ጨርሷል።

«አሳታሚው አዲስ ነገር ካልሸጠ ይከስራል፤ ደግሞስ ያለ ምንም ዋጋ ሦስት ኃይል የሚሰጠው ብላክ ሎተስ የ1993 ካርታ አይደለምን?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ግን ይህ የሚያስረዳው ኃይልና ብርቅነት ከመነሻው በአንድ ቀንበር መጠመዳቸውን ነው። አዲስ ነገር ማለትም የበረታ ነገር ማለት አይደለም፤ ልዩ ልዩ መንገድ የሚከፍት ካርታ ሳይበረታም ይሸጣል።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየማደሪያው የምንጫወት ተማሪዎች በማንኛውም ፓኬት የሚገኙትን ተራ ካርታዎች ብቻ እንጠቀም። ይህ አጨዋወት «ፖፐር»፥ ማለት «ድሃ»፥ ይባላል፤ በ2019 አሳታሚው ራሱ ለወረቀት ካርታም አጽድቆታል። አለዚያም ካርታችንን በአንድነት አዋጥተን፥ ሁላችንም ከዚያው ክምር እየመረጥን እንጫወት።

ያን ጊዜ ዕድል ቢጥለን እንስቃለን፤ ብልሃት ቢጥለን እንማራለን። የጓደኛችን ኪስ ሲጥለን ግን የምንማረው አንዳች ነገር የለም።