ስለ ጡት መልሶ ማበጀት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል፤ ይልቁንም የጡት ነቀርሳ ለያዛቸው እናቶቻችንና እኅቶቻችን የሚስማማ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የበዛው ሲሆን፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚቀርቡት ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት የመንገድ ርቀትና የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ቀይ እሸት ስትለቅም የምትውል ሴት፤ ጡቴ ቢቆረጥ ከሰው በታች እሆናለሁ ብላ እብጠቱን በነጠላዋ ሸፍና ዝም ብትል አያስደንቅም። እንዲህ ያለችውን ሴት «የተቆረጠው ጡት በጥበብ ይተካል» ብሎ ማጽናናት መልካም ነው፤ ነገር ግን የነገሩን እኩሌታ ብቻ ነግሮ ማጽናናት ማታለል ይሆናል።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ቪንሰንዝ ቼርኒ የተባለው ሐኪም በጀርመን አገር ከሴቲቱ ከራሷ ገላ የወጣ የስብ እጢ በጡቷ ስፍራ ተከለ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ክሮኒንና ጌሮው የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ከሲሊኮን የተሠራ ጡት በሴት ገላ ውስጥ አኖሩ።

ሆኖም ጥቅሙ ያለ መከራ አይገኝም። ሲሊኮኑ የገባበት ስፍራ ሊመረቅዝ ይችላል፤ በዙሪያውም የሚያድገው ጠባሳ ሲጠነክር ጡቱን ያደድረዋል፤ ቅርጹንም ያጣምመዋል። ይህም የጨረር ሕክምና በተቀበለች ሴት ላይ ይበዛል። ሲሊኮን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ስላልሆነ ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ መቀደድ ሊያስፈልግ ይችላል። በ2019 ዓ.ም. አለርጋን የተባለው ኩባንያ ገጻቸው ሻካራ የሆኑትን ጡቶች፤ እምብዛም ከማይገኝ የሊምፍ ነቀርሳ ጋር በመያያዛቸው፤ ከዓለም ገበያ ሰብስቧል። ከሆድ ወይም ከጀርባ በተወሰደ ሥጋ ሲበጅ መልኩ ለተፈጥሮ ይቀርባል፤ ግን ደም ካልደረሰው ሥጋው ይሞታል። የጀርባ ጡንቻ የተወሰደባትም ሴት ትከሻዋ ሊደክም ይችላል፤ ይህም በክንዷ ጉልበት ለምታድር ቡና ለቃሚ ቀላል ነገር አይደለም። ሥራው ቢያምርም ጠባሳው አይጠፋም፤ የመዳሰስ ስሜቱም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀድሞው አይመለስም።

ይህን የምንጽፈው ጥበቡን ለማጥላላት አይደለም፤ ብዙ ሴቶች በእርሱ ተደስተው ይኖራሉና። ፍርዱ ግን የሴቲቱ የራሷ ሊሆን ይገባል። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትኖር ሴት አስቀድማ «ቢመረቅዝ ማን ያየኛል? ጨረር ያስፈልገኛልን? ስንት ጊዜስ እመላለሳለሁ?» ብላ ትጠይቅ፤ ሐኪሙም እውነቱን ይንገራት።

መልሶ ማበጀቱን ያልፈለገች ወይም ያልቻለች ሴትም ከሴትነቷ የጎደለ ነገር የለም። ከጨርቅና ከጥጥ የተሰፋ ጡት በልብሷ ውስጥ ብታኖር መልኳን ይጠብቅላታል፤ ይህንም የሚዛንና የቴፒ ልብስ ሰፊዎች በጥቂት ዋጋ ሊሠሩት ይችላሉ። በሚዛን አማን ያለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታልና የወረዳዎቹ ጤና ጣቢያዎች ልኩን አሳይተው ቢያሠሩ፤ ወጪው ትንሽ፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።

ባሎችም ሆይ፤ ሚስቶቻችሁ እብጠት ባገኙ ጊዜ ፈጥነው እንዲታዩ አበረታቱ። ጡት ቢቀር ቤት አይፈርስም፤ እናት ስትቀር ግን ቤት ይፈርሳል።