የሰው ካርማ ቆጣሪዎች

ጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ ውስጥ ሰው ሲወድቅ «የእጁን አገኘ» ይባል ነበር። አሁን ወጣቶቹ «ካርማ ነው» ይላሉ። ቡና የጫነ መኪናው የተገለበጠበት ነጋዴ፣ ትዳሩ የፈረሰበት ጎረቤት፣ ፈተና የወደቀው የሀብታም ልጅ፣ ሁሉም ካርማቸውን አገኙ። ቃሉን ያስተማሩን ቲክቶክና ወደ አማርኛ ተመልሰው የሚታዩት የህንድ ተከታታይ ድራማዎች ናቸው። ክፉዋ አማት ምራቷን ስታስለቅስ ትከርምና በመጨረሻ ትዋረዳለች፤ እኛም ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን «ይበላት!» እንላለን።

ድራማውን እኔም አያለሁ፤ ቅሬታዬ እሱ ላይ አይደለም። ሂንዱዎች ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሲያወጡት ሲያወርዱት የኖሩትን ትምህርት የሐሜት ማጣፈጫ ማድረጋችን ግን ያሳፍራል።

ኡፓኒሻድ ከሚባሉት የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በብሪሃዳራንያካ ውስጥ አርታባጋ የሚባል ሰው ጠቢቡን ያጅናቫልክያን በጉባኤ መካከል ይጠይቀዋል። ሰው ሲሞት ትንፋሹ ወደ ነፋስ፣ ዐይኑ ወደ ፀሐይ ከሄደ ሰውየው ራሱ የት ይገባል? ያጅናቫልክያ በሰው ፊት አልመለሰለትም። እጁን ይዞ ለብቻ ወሰደው። የተነጋገሩትም ስለ ካርማ ነበር፤ ሰው በመልካም ሥራ መልካም፣ በክፉ ሥራ ክፉ ይሆናል የሚል። ልብ በሉ፣ ክፉ የሠራ ክፉ ያገኘዋል አይደለም የተባለው፤ ክፉ ይሆናል ነው። በሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ መኪናው ባይገለበጥም ያገኘውን አግኝቷል፤ አጭበርባሪ ሆኗል። ደግሞም ይህ ነገር የተነገረው በሹክሹክታ ነበር፣ እኛ ግን በየበረንዳው እንለፍፈዋለን።

ኋላ የመጡት ሊቃውንት ካርማን በሦስት ከፈሉት። ለቡና ሰው ነገሩ ከባድ አይደለም። ሳንቺታ ካለፉት ሕይወቶች ተጠራቅሞ መጋዘን ውስጥ ያለው ክምር ነው። ፕራራብዳ ከዚያ ወጥቶ በዚህ ዕድሜ ገበያ የቀረበው ነው፤ አንዴ ስለወጣ አይመለስም። አጋሚ ደግሞ ዛሬ እየለቀምን ቅርጫታችን ውስጥ የምንጨምረው። የሰው እጅ በየቀኑ የሚደርሰው ሦስተኛው ላይ ነው። የጎረቤትን መጋዘን ከፍቶ የሚያይ የለም። ይህ ሁሉ በማን እንደሚመራ እነሱም አልተስማሙም፤ የሚማንሳ ሊቃውንት ሥራ በራሱ ኃይል ፍሬውን ያመጣል ሲሉ፣ የቬዳንታዎቹ ፍሬውን የሚያድለው አምላክ ነው ይላሉ።

በእኛ ሰፈር ሙስሊሙ ቀደር፣ ክርስቲያኑ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይላል። ሞቶ እንደገና መወለድን የሚቀበል አላገኘሁም፤ እኔም አልቀበለውም። ስለዚህ ካርማን ስንዋስ ግማሹን ጥለን መሆኑን እንወቅ። ያሳዘነኝ የጣልነው አይደለም፤ የያዝነው ነው። ከትምህርቱ ሁሉ መርጠን የያዝነው የሌላውን መከራ መተርጎሚያውን ነው፤ ይህ ደግሞ ታላላቆችንም ያሰናከለ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 መጀመሪያ የህንዷ ቢሃር በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ጋንዲ አደጋውን ወገንን «የማይነካ» ብሎ የማግለል ኃጢአት ያመጣው መለኮታዊ ቅጣት ነው አሉ። ዓላማቸው ማግለሉን ማስቆም ነበር። ባለቅኔው ታጎር ግን የተፈጥሮ አደጋ ምክንያቱ ተፈጥሮ ነው ብለው በአደባባይ ተቃወሟቸው። ጋንዲ፣ ለክብራቸው፣ ተቃውሞውን «ሃሪጃን» በተባለው በራሳቸው ጋዜጣ አወጡት፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። እኔ ከታጎር ጋር ነኝ። መሬት ስትንቀጠቀጥ አግላዩን ከተገለለው አልለየችም።

የዚህ አተረጓጎም ዋጋ የገባቸው የተገለሉት ናቸው። ዝቅ ብለህ የተወለድከው ባለፈው ሕይወትህ ስላጠፋህ ነው ሲባሉ ኖረዋል። ከእነሱው የተወለዱትና የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት አምቤድካር፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር ሂንዱነትን ትተው ቡድሂስት ሆኑ። እኛ በዚህ አንመጻደቅ። እዚሁ ጎረቤታችን ከፋ ውስጥ ማንጆ ከሚባሉት የተገለሉ ወገኖች ጋር አብሮ ላለመብላት ማንም ካርማ አላስፈለገውም።

ታዲያ ለዕለት ኑሮ የሚጠቅመው የቱ ነው? ባጋቫድ ጊታ የተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ የሚለው። በጦር ሜዳ መካከል እጁ የዛለበትን ጦረኛ አርጁናን አምላኩ ክሪሽና ሲመክረው፣ ድርሻህ ሥራው እንጂ ፍሬው አይደለም፤ ፍሬው ያንተ አይደለም ብለህም ሥራውን አትተው ይለዋል። የመጀመሪያው ግማሽ ብቻውን ስንፍና ይመስላል፤ ሁለተኛው ነው ወንድ የሚጠይቀው። የእኛ ሙስሊሞች «ኒያህን አሳምር» ሲሉ ከዚህ ብዙም አይርቁም።

የጅማ ገበሬ ይህን ሳያነበው ይኖረዋል። ችግኝ ተክሎ ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል። ሲደርስለት ደግሞ ዋጋው ኒውዮርክ ውስጥ ይቆረጣል። ከዚህ ሁሉ በእጁ ያለው ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ መልቀሙ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የመልኮው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳ ያጠፋ ጀመር። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታው ባጠቃቸው ማሳዎች ውስጥ እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ታሞ እሱ ጤነኛ የሆነውን ዛፍ ይፈልጉ ነበር። ዛሬ ገበሬው ሁሉ የሚያውቃቸው 74110፣ 74112፣ 74158 የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታሉ። የመረጡት ሰዎች ስም ቁጥሩ ውስጥ የለም። ጎማ ወረዳ ላይ ከእነዚህ ዛፎች ለቅሞ ልጁን ያስተማረ ሰው እነማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም። ፍሬውን ሳያስቡ መሥራት ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምሳሌ የለኝም።

መጥፎውም እንደዚሁ ይወረሳል። ለብዙ ዓመታት የአካባቢያችን ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚል ዝቅተኛ ደረጃ ነበር። ሸምጥጦ መልቀም፣ መሬት ላይ ማስጣት፣ ጀንፈሉን ከአፈር ጋር ማፈስ የብዙዎች ልማድ ስለነበር፣ ለይቶ የሚለቅመውም በዚያው ስም ይሸጥ ነበር። አጋሮ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ግን በማኅበር ተደራጅተው እሸቱን በደንብ እየፈለፈሉ አልጋ ላይ ማድረቅ ጀመሩ፤ ከእነሱ አንዱ የዱሮሚና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ሰማይ ሳይሆን የለቀማ ልማድ ነው የተቀየረው።

በካርማ ትምህርት የማይዋጥልኝ አንድ ነገር አለ፤ ሠሪውና ተቀባዩ አንድ ናቸው ማለቱ። አወቱ ወንዝ እንዲህ አይልም። ላይኛው ሰፈር የጣለው ቆሻሻ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። በመኸር ወቅት ደግሞ ከአንዳንድ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች የሚለቀቀው ውሃ በየወረዳው ወንዙን ያገማዋል። የሚጠጡት ደግሞ ቡና ያልሸጡ የታችኛው መንደር ከብቶችና ሕፃናት ናቸው። ሂንዱው ሒሳቡ በሚቀጥለው ሕይወት ይስተካከላል ሊል ይችላል። ለእኛ የሚቀረን ዛሬ ነው።

ስለዚህ መፈልፈያ ያላችሁ ወገኖች፣ የዘንድሮው እሸት ከመግባቱ በፊት የፍሳሽ ጉድጓዳችሁን አስጠርጉ፤ ሞልቶ ከሆነ ሌላ አስቆፍሩ። እኛ የአወቱ ዳር ነዋሪዎችም ፌስታላችንን ወደ ወንዙ መወርወር ይብቃን።