የታመነው ማባበያ

በአሜሪካ ሐይቆች ዳር፣ ባስ የተባለውን ዓሣ በዘንግ በሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ እንደ ሃይማኖት አንቀጽ የጸና አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም ከእንጨት፣ ከብረትና ከላስቲክ ከሚሠራው ማባበያ ሁሉ የሚበልጠው አጥማጁ የታመነበት ነው የሚል ነው። ነገሩ ሲሰሙት ጥበብ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ለራሱ የሚመሰክር ምስክር ሆኖ ይገኛል። ከአሥር ሰዓት ዘጠኙን አንዱን የላስቲክ ትል ብቻ ሲወረውር የዋለ ሰው፣ ማታ ዓሣዎቹን ሲቈጥር አብዛኞቹ በዚያው ትል ተይዘው ቢያገኝ ምን ያስደንቃል? በሣጥን የዋሉት ማባበያዎችማ ውሃ ሳይነኩ ተፈርዶባቸዋል።

የዚህ እምነት ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ፣ ከሞንትጎመሪ ሐይቅ 10 ኪሎ የሚያህል ባስ አውጥቶ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘውን ጆርጅ ፔሪን ይጠቅሱልን ይሆናል። ነገር ግን እንደሚተረከው ፔሪና ባልንጀራው በመካከላቸው የነበራቸው ማባበያ አንድ ብቻ ነበርና፣ ችግር የመረጠውን እምነት መረጠው ማለት ታሪክን ማጣመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ቢዋ ሐይቅ ክብረ ወሰኑን የተጋራው ማናቡ ኩሪታ ደግሞ ያጠመደው በሰው ሠራሽ ማባበያ ሳይሆን በሕያው ዓሣ ነበር።

ባስ የሚታዘዘው ለአጥማጁ ልብ ሳይሆን ለገዛ ባሕርዩ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ደሙም አብሮ ስለሚቀዘቅዝ ፈጥኖ የሚሄደውን አያሳድድም፤ ውሃው ሲደፈርስ ከዓይኑ ይልቅ በጐኑ መስመር የሚሰማውን ንዝረት ይከተላል፤ በጸደይ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ጎጆውን ይጠብቃል፤ የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ወደ ጥላና ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሳይመረምሩ ለዓመቱ አንድ ማባበያ መሾም ወቅትን መካድ ነው።

መታመን ፍሬ የለውም አልልም፤ የታመነ ሰው ይታገሣል፣ ክሩንም በጣቱ ያዳምጣል። ይሁን እንጂ ይህ ምስጋና ለትጋቱ እንጂ ለላስቲኩ አይገባም። ሐዋርያቱ በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ባዶ እጃቸውን ባነጉ ጊዜ የለወጡት መረቡን ሳይሆን የጣሉበትን ወገን ነበር፤ የታመኑትም በመረቡ ሳይሆን ከውሃው በታች ያለውን በሚያውቀው ቃል ነው።