የጦር መርከብና የመርከበኛ ሙያ

የባሕር ንግድ ጸጥታውን የሚያገኘው በጦር መርከብ ጥበቃ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን የንግድ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ከነሠራተኞቿ ማርከው ከወሰዱ ወዲህ ግን፤ ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አለመሆኑ በግልጥ ታይቷል። ከዚያ በኋላ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች የባብ ኤል መንደብን መንገድ ትተው የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ መዞር ጀመሩ፤ የመርከብ ኪራይና የኢንሹራንስ ዋጋም ከፍ አለ። የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ዕቃ ከመቶው ዘጠና እጅ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ስለ ሆነ፤ በአዲስ አበባ ከቦሌ እስከ አትላስ ባሉት ሱቆች የተደረደረው የውጭ አገር ዕቃ፤ በአውሮፕላን ከመጣው በቀር፤ የዚህን ባሕር ሰላምና ሁከት በዋጋው ላይ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። ነጋዴው ስለ ዋጋው መወደድ ሲጠየቅ የዶላርን ስም ያነሣል እንጂ የባብ ኤል መንደብን ስም የሚያነሣ ጥቂት ነው።

በዚያ ባሕር ላይ ንግዱን ሲጠብቁ ከታዩት መርከቦች ዋናዎቹ በባዕድ ቋንቋ ዲስትሮየር የሚባሉት ናቸው፤ ትርጓሜውም አጥፊ ማለት ነው። ይህ ስም የወጣላቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፤ ቶርፔዶ ይዘው ትልልቆቹን መርከቦች በድንገት የሚወጉትን ትንንሽ ጀልባዎች ለማጥፋት በተሠሩ ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ክብደታቸው ከጥቂት መቶ ቶን አያልፍም ነበር። ዛሬ የአሜሪካ አርሊ በርክ የተባለው ዓይነት ከ8,000 ቶን በላይ ይመዝናል፤ አራት የጋዝ ተርባይን ሞተሮች በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዱታል፤ ሚሳይሎቹም በመርከቡ ሆድ ውስጥ ቀጥ ብለው በቆሙ 90 ወይም 96 ጕድጓዶች ተሰድረው ይጓዛሉ። በውስጡ 300 ያህል ሰው ይኖራል። ይህ ሁሉ ሰው እንደ መንገደኛ ተሳፍሮ የሚሄድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀንና ሌሊት በተራ የሚጠብቀው ቦታ አለው፤ አንዱ ቢያንቀላፋ ሌላው የሚሞትበት ማኅበር ነው።

ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ካርኒ የተባለችው የአሜሪካ ዲስትሮየር ከየመን የተተኰሱትን ሚሳይሎችና ያለ ነጂ የሚበርሩ አውሮፕላኖች በቀይ ባሕር ላይ ዐሥር ሰዓት ያህል ስትመታ ዋለች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 6 ቀን የእንግሊዝ ዳይመንድም ያለ ነጂ የሚበርር አውሮፕላን መትታ ጣለች። ከጠረፍ የተነሣ ሚሳይል መርከብ ዘንድ እስኪደርስ ያለው ጊዜ አንዳንድ ጊዜ በሰኮንድ የሚቈጠር ነው። በራዳሩ ላይ የሚታየው ነጥብ ጠላት ነው ወይስ ሰው የጫነ አውሮፕላን ነው ብሎ በዚያች ጊዜ የሚፈርደው ብዙ ጊዜ ዕድሜው ገና ሃያዎቹን ያላለፈ ወጣት ነው። መሣሪያው ነጥቡን ያሳየዋል፤ ፍርዱን ግን አይሰጠውም። ፍርዱ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ደግሞ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ታይቷል፤ ጌቲስበርግ የተባለችው የአሜሪካ ክሩዘር የገዛ ወገኗን የጦር አውሮፕላን በዚያው ባሕር ላይ መትታ ጣለች፤ ኹለቱ በራሪዎች በሕይወት መትረፋቸው ትልቅ ዕድል ነው።

ነገር ግን ሙያ ሲጐድል የሚደርሰውን ጥፋት ከጦርነት ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየው በሰላም ቀን የደረሰው ነው። ሰኔ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ፊትዝጄራልድ የተባለችው ዲስትሮየር በጃፓን አቅራቢያ በሌሊት ከዕቃ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰባት መርከበኞች ሞቱ። ኹለት ወር ጥቂት ካለፈው በኋላ፤ ነሐሴ 15 ቀን፤ ጆን ማኬን የተባለችው በሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ ዐሥር ሰዎች ሞቱ። ከብዙ ሺህ ሜትር የሚመጣን ሚሳይል ለይተው የሚያውቁ መርከቦች አጠገባቸው የነበረውን ተራራ የሚያህል መርከብ ማምለጥ አልቻሉም። ምርመራው ሲወጣ ጥፋቱ የብረት ሳይሆን የሰው ሆኖ ተገኘ። በፊትዝጄራልድ ላይ ተረኛው መኮንን ሌላ መርከብ እየቀረበ ሳለ አለቃውን ከእንቅልፉ አላስጠራም፤ ሠራተኞቹም በድካም የዛሉ ነበሩ። በጆን ማኬን ላይ ደግሞ መሪውንና የሞተሩን ፍጥነት የሚያዝዘው በጣት የሚነካ መስታወት ነበረ፤ ሥራው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲዛወር ትእዛዙ በማን እጅ እንዳለ ጠፋቸውና መሪው ተበላሽቷል ብለው ደነገጡ። መሪው ግን ደኅና ነበረ። ከቆሙትም መካከል የመሪው አሠራር ከተለየ ከሌላ መርከብ ለጊዜው ተዛውረው የመጡ፤ ይህን መሣሪያ በሚገባ ያልተማሩ ሰዎች ነበሩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም በኋላ ይህን መስታወት ትቶ በእጅ ወደሚጨበጠው የፍጥነት መቈጣጠሪያ ለመመለስ ወሰነ።

ይህን ነገር የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ያለ ብዙ ማስረጃ ያስተውለዋል። ድጓ የገዛ ሁሉ ባለ ድጓ አይባልም፤ በመምህር እግር ሥር ዓመታትን ቈጥሮ፤ ተሳስቶ ታርሞ፤ በመጨረሻም ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰከረው ነው እንጂ። መጽሐፉ በአንድ ቀን ሊገዛ ይችላል፤ መሪጌታው ግን በአንድ ቀን አይገኝም። መርከብና መርከበኛም እንደዚሁ ናቸው።

የሙያን ጥቅም በበጎ ወገን ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም. በኤደን ወደብ ኮል የተባለችውን ዲስትሮየር ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ ስትመታት 17 ሰዎች ሞቱ፤ ጐኗም ተበሳ። የተረፉት መርከበኞች ግን ውኃውን እየቀዱ፤ የተሰበረውን እየደገፉ፤ ቀንና ሌሊት ደክመው መርከባቸውን ከመስጠም አዳኗት፤ ተጠግናም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት የዚህ ሙያ ባለቤት ነበረች። ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ሠራዊታቸውን ቀይ ባሕርን አሻግረው ወደ የመን መውሰዳቸው በታሪክ የታወቀ ነው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፤ በ1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የባሕር ኃይል ተቋቁሞ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ። በዚያን ጊዜ የተደረገው ነገር መታወስ የሚገባው ነው፤ ትልቋ መርከብ ከመምጣቷ አስቀድሞ ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። የኖርዌይና የእንግሊዝ ባሕረኞች በማስተማር ረዱ፤ ዕጩ መኮንኑም ከአራት ዓመት በላይ ይማር ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ቀድሞ ኦርካ ትባል የነበረችው የአሜሪካ መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ ተረከበች፤ በሙሉ ጭነት ከ2,500 ቶን በላይ የምትመዝን ሆና የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ዲስትሮየር አልነበረችም፤ ኢትዮጵያም ዲስትሮየር ኖሯት አያውቅም። ሆኖም በየዓመቱ በምጽዋ በሚደረገው የባሕር ኃይል በዓል ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የታላላቅ መንግሥታት የጦር መርከቦች እየመጡ መልሕቅ ይጥሉ ነበር፤ የኢትዮጵያ ባሕረኛም ከእነርሱ ጎን በሥርዓት ይቆም ነበር።

ይህ ሁሉ የፈረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ከባሕር ኃይሉ አለቆች ዋነኛው ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከ60ዎቹ ጋር ተገደሉ። ከዚያም ወዳጅነቱ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲዞር መሣሪያውም የትምህርቱም ቋንቋ ተለወጠ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኹለት የሶቪየት ፍሪጌቶች መጡ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ከመርከቦቹ የተረፉት ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም ከጥቂት ዓመት በኋላ ለብረት ተሸጠች። የመርከቢቱ ብረት ዋጋ ነበረው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የተከማቸውን ሙያ ግን ዋጋ አውጥቶ የጠየቀ አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደ ገና እንዲቋቋም አሳቡ ተገለጠ፤ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የመርዳት ስምምነት ተፈረመ፤ ይህም ስምምነት በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ታገደ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድና በታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በአንካራ የተነገረው ቃል የብዙ ሰው ወሬ ሆነዋል። ወሬው ሁሉ ስለ ወደብ ነው፤ ከወደብ ቀጥሎም ስለ መርከብ ነው፤ ስለ መርከበኛው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይሰማም። ወደብ በውል ይገኛል፤ መርከብም በገንዘብ ይገዛል፤ የዲስትሮየርን ሞተር የሚያውቅ የበታች ሹም ለማውጣት ግን ዐሥር ዓመት ቢባል ብዙ አይደለም። ጣና ላይ ዋና፤ ጀልባ ቀዘፋና ገመድ መቋጠር ይለመዳል፤ የባሕር ማዕበልና ብረት የሚበላ ጨው ግን ጣና ላይ የለም። ስለዚህ ዕጩዎቹን በወዳጅ መንግሥታት መርከብ ላይ ለዓመታት ማሳፈር፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ የሚሠሩትን የኢትዮጵያ መካኒኮችና መኮንኖችም በክብር ጠርቶ ማነጋገር ወደብ እስኪገኝ የሚጠበቅለት ሥራ አይደለም።

ከምጽዋና ከአሰብ የተመለሱት የቀድሞ ባሕረኞች ዛሬ በየከተማው ተበትነው ይገኛሉ። ከመካከላቸው በ1975 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ የገባው እንኳ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ከእርሱ በፊት በ«ኢትዮጵያ» ላይ ያገለገሉት ደግሞ ሰማንያውን የተሻገሩ አሉ። የመርከብ ቋንቋውን፤ የጥበቃውን ተራና የቀይ ባሕርን ነፋስ ከነወራቱ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።