በመድኃኒት ከበርቴዎች ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት እነማን ናቸው?

በእድርም ሆነ በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ የአመራር አባላት ሲመረጡ ከተሰብሳቢው ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። የተጠቆመው ሰው ማን ነው? እስካሁን ሲሠራ የቆየው ምንድን ነው? የማንንስ ጥቅም ሲያስከብር ኖረ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሰውየው ማንነት ሳይታወቅ የማኅበሩን ማኅተምና የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ ማስረከብ አይቻልምና። ይሁን እንጂ ይኸው ጥያቄ የሚሊዮኖች ሕይወት በተንጠለጠለበት በታላላቆቹ የመድኃኒት ኩባንያዎች ላይ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። ሕመምተኛው የሚያውቀው ኪኒኑንና ዋጋውን ነው። በዋጋው ላይ የመጨረሻ ሥልጣን ያላቸውን ሰዎች ግን በስም እንኳ አያውቃቸውም።

እነዚህ ሰዎች የዲሬክተሮች ቦርድ አባላት ይባላሉ። ቦርዱ መድኃኒት አይቀምምም፤ ሕመምተኛም አያይም። ሥራው ዋና ሥራ አስፈጻሚውን መሾምና መሻር፣ ደመወዙን መወሰን፣ ሌላ ኩባንያ በቢሊዮን ዶላር እንዲገዛ ወይም እንዳይገዛ መፍቀድ፣ ከትርፉ ለባለአክሲዮኖች የሚከፋፈለውን ድርሻ መቁረጥ ነው። አባላቱን የሚመርጡትም ባለአክሲዮኖች ናቸው። የድምፁ ሚዛን የሚለካው በሰው ቁጥር ሳይሆን በአክሲዮን ብዛት ነው።

ለአብነት የአሜሪካውን ፋይዘርን እንውሰድ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባመሰበት በ2020 በኩባንያው ቦርድ ከተቀመጡት መካከል የጎልድማን ሳክስ ባንክ ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት ሱዛን ኖራ ጆንሰን፣ የኮካ ኮላ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄምስ ኩዊንሲ፣ የአዶቤው የኮምፒዩተር ኩባንያ ኃላፊ ሻንታኑ ናራየን፣ የዴሎይት የሒሳብ ምርመራ ድርጅት መሪ የነበሩት ጆሴፍ ኤቼቫሪያ፣ የሮይተርስ የዜና ወኪል ባለቤት የሆነው የቶምሰን ሮይተርስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጄምስ ስሚዝ ይገኙበታል። የጌትስ ፋውንዴሽን ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሐኪሟ ሱዛን ዴዝመንድ ሄልማንም በዚያው ዓመት ገብተዋል። ባንክ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ኮምፒዩተር፣ የሒሳብ ምርመራ፣ ዜና፣ በጎ አድራጎት! የዘመኑ ታላላቅ ካፒታሎች ተወካዮቻቸውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሰበሰቡ ይመስላል።

ሳይንቲስቶችም አልጠፉም። በሰውነት ውስጥ ያለ ስብን በሚመለከት ባደረጉት የዘር ጥናት የታወቁት ሔለን ሆብስና የሰውነት መከላከያ ኃይል ተመራማሪው ዳን ሊትማን በቦርዱ ነበሩ። ሊቀ መንበሩ አልበርት ቡርላ ራሳቸው ከተሰሎንቄ የመጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በ1993 ኩባንያውን ተቀላቅለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ከቁንጮው ደርሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግን የስኮት ጎትሊብ አመጣጥ ነው። ሐኪሙ ጎትሊብ ከሜይ 2017 እስከ አፕሪል 2019 የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኮሚሽነርነት መርተዋል። ይህ መሥሪያ ቤት አንድ መድኃኒት ለገበያ እንዲቀርብ የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ነው። ሥልጣናቸውን በለቀቁ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በጁን 2019፣ ሲቆጣጠሩት በነበረው በፋይዘር ቦርድ ተሰየሙ። የቦርዱ አባል በዓመት በጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን መልክ የሚያገኘው ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሴናተር ኤልሳቤጥ ዋረን ከቦርዱ እንዲወጡ በደብዳቤ ቢጠይቋቸውም ጎትሊብ አልወጡም።

ሕግ ተላለፉ የሚል የለም፤ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ችግሩም ከዚሁ ላይ ነው። ያገራችን ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲል የሚተርተው ለቀድሞው የሹመት ሥርዓት ነበር። በዚያ አገር ግን ገበታው የሚዘረጋው ከተሻሩ በኋላ በመሆኑ የሚቆጨው ሹም አይኖርም። ዛሬ በወንበሩ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ነገ የሚጠብቀውን ገበታ እያወቀ ፋይል ሲመረምር፣ ጉቦ መስጠትም መቀበልም ሳያስፈልግ፣ እጁ መለስለሱ የማይቀር ነው።

ነገሩ ለአንድ ኩባንያም ሆነ ለአንድ ዘመን ብቻ የተለየ አይደለም። ጆርጅ ቡሽ ትልቁ ከስለላው ድርጅት ኃላፊነት በ1977 እንደወረዱ የኤላይ ሊሊ ቦርድ አባል ሆነው እስከ 1979 ቆይተዋል፤ በ1981 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዶናልድ ራምስፌልድ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የረዘመ ነው። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት እኚህ ሰው ከ1977 እስከ 1985 ሰርል የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ መሩ። በኋላም በጊሊያድ ቦርድ ገብተው ከ1997 እስከ 2001 ሊቀ መንበሩ ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ሹልትስም በዚሁ ቦርድ አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ጊሊያድ ታሚፍሉ የተባለውን የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት አግኝቶ በ1996 ለስዊዘርላንዱ ሮሽ በፈቃድ ሰጠ፤ ከሽያጩም ድርሻ ይቆረጥለት ነበር። ራምስፌልድ በ2001 ወደ መከላከያ ሚኒስትርነት ሲመለሱ የጊሊያድ አክሲዮናቸውን አልሸጡም። በ2005 የወፍ ጉንፋን ስጋት ሲነሳ የአሜሪካ መንግሥት ለወረርሽኝ መከላከያ 7.1 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ ከፊሉ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ለማከማቸት የሚውል ነበር። የሚኒስትሩ የጊሊያድ አክሲዮን በዚያን ጊዜ ከ5 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ነበር። መድኃኒቱን ከሚመለከት ውሳኔ ራሳቸውን ማግለላቸው በመሥሪያ ቤታቸው ተገልጿል። ራሳቸውን አገለሉ እንበል፤ አክሲዮኑ ግን አልተገለለም፤ ዋጋው አብሮ ወጣ።

«ታዲያ በቦርዱ የመድኃኒት ዐዋቂዎች ቢበዙ ነገሩ አይቃናም ወይ?» የሚል ቅን ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። መልሱን ከዚያው ከጊሊያድ እናገኘዋለን። ከራምስፌልድ በኋላ፣ ከ2008 ጀምሮ፣ ቦርዱን በሊቀ መንበርነት የመሩት ጆን ማርቲን የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው ኬሚስት ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ኩባንያው ፋርማሴት የተባለውን ሌላ ኩባንያ በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛ። ከዚያ ግዢ የተገኘው ሶፎስቡቪር የጉበትን ሄፐታይተስ ሲ የሚያድን ታላቅ መድኃኒት ነው። ይህን ማንም አይክድም። በ2013 ማብቂያ ላይ ግን በአሜሪካ የተተመነለት ዋጋ ለአንድ ኪኒን 1,000 ዶላር፣ ለ12 ሳምንት ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር። የአሜሪካ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ አባላት በ2015 ባወጡት የምርመራ ሪፖርት፣ ኩባንያው በዚህ ዋጋ ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒቱን እንደማያገኙ እያወቀ ገቢውን ማብዛትን እንደመረጠ አመልክተዋል። ኬሚስቱ የሞለኪውሉን ምንነት ከማንም የበለጠ ያውቅ ነበር፤ ተጠሪነቱ ግን ለሞለኪውሉም ለሕመምተኛውም አልነበረም።

ሙያ ብቻውን ለሰብአዊነት ዋስትና አለመሆኑን ከዚህም በከፋ መልኩ ያሳየው የጀርመኑ ፍሪትዝ ተር ሜር ነው። በሙያው ኬሚስት የሆነው ይህ ሰው ከኢ ጌ ፋርበን ኩባንያ መሪዎች አንዱ ሆኖ በአውሽዊትዝ እስረኞች የባርነት ጉልበት ተጠቅሟል። በዚህና በዘረፋ ወንጀል በ1948 በኑረምበርግ ፍርድ ቤት 7 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ቅጣቱን ሳይጨርስ ተለቀቀ። በ1956 የባየር የበላይ ተቆጣጣሪ ቦርድ ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ።

በዚያችው ጀርመን የሠራተኛው እንቅስቃሴ ለረጅም ጊዜ ታግሎ ያስገኘው አንድ ውጤት አለ። በ1976 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ባለው ኩባንያ የበላይ ተቆጣጣሪው ቦርድ ግማሽ መቀመጫ የሠራተኞች ነው። በባየር ቦርድ ካሉት 20 መቀመጫዎች 10ሩን የያዙት የሠራተኞች ተወካዮች ናቸው። የአሜሪካ ሕግ በእነ ፋይዘር ቦርድ ለሠራተኛው አንድም መቀመጫ እንዲሰጥ አያስገድድም። የጀርመኑ ሠራተኛ ስለ ፋብሪካው መዘጋትና ስለ ሥራ ቅነሳ ሲመከር በሩ ሥር ቆሞ ወሬ አይጠብቅም፤ ሰነዱ በፊቱ ይቀርብለታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን የሕጉ ዝርዝር ሲነበብ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ይታያል። ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በሁለተኛው ዙርም እንዲሁ ከሆነ ሊቀ መንበሩ ሁለት ድምፅ ይኖረዋል። ሊቀ መንበሩን ለመምረጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተገኘ የባለአክሲዮኖቹ ወገን ብቻውን ይመርጠዋል።