በአውድማ ለተጎዳ እግር፣ ከዕርቁ በፊት ማስረጃው ይቅደም

የመውቂያ መኪና ወደ ገጠር መግባቱ የገበሬውን ድካም በእጅጉ አቅልሎታል። በበሬ ሲወቃ ቀናት ይፈጅ የነበረው ክምር በሰዓታት ውስጥ ተወቅቶ ጎተራ ይገባል። ይሁን እንጂ ቺንጋው ያለ መከለያ በሚሽከረከርበት አውድማ ልብስ ይያዛል፤ እግር ይሰበራል። እግሩን ያጣ ገበሬ ደግሞ እርፍ ጨብጦ ከበሬ ኋላ ለመሄድ ይቸገራል። ስለዚህ የካሣው ጉዳይ የቤተሰቡ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አደጋው እንደ ደረሰ ብዙውን ጊዜ ሽማግሌ ይቀመጣል። የመኪናው ባለቤት ጥቂት ገንዘብና አንድ በግ ያቀርባል፤ ተጎጂውም «ፈጣሪ ያመጣው ነው» ብሎ በወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ሽምግልና ቂምን የሚያበርድ ነባር ባህል ስለሆነ ሊነቀፍ አይገባም። ስሕተቱ የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ ነገሩ መቋጨቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአግባቡ የተደረገን ዕርቅ በታራቂዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። ከወራት በኋላ እግሩ ቢቆረጥ፣ ያ ወረቀት መንገዱን ሊዘጋበት ይችላል።

ሕጉ የሚሰጠው መብት ግን ከአንድ በግ የሰፋ ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ በወንፈል ሊያግዝ መጥቶ የተጎዳ ጎረቤት የባለቤቱን ጥፋት እንዲያስረዳ አይገደድም፤ የራሱ ጥፋት ካለበት ግን ካሣው ሊቀነስ ይችላል። መኪናውን የተከራየው ገበሬ ራሱ ቢጎዳ፣ ጥያቄው በውሉ በኩል ይታያል። በባለቤቱ የተቀጠረ ሠራተኛ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል። አሠሪው ከሕክምናው ወጪ ሌላ፣ ሠራተኛው ከሥራ በተለየባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በተከታዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ቀጥሎም ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ መክፈል አለበት።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሣው ለመድኃኒት በወጣው ገንዘብ ብቻ አይወሰንም። ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም አብሮ ይታሰባል። ሳይታረስ የሚያድረው መሬትና ለእኩል አራሽ የሚሰጠው ምርት በሽማግሌዎች ፊትም ሊቆጠር የሚገባው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ይፈልጋል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ተጎጂው በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አጥብቆ የታሰረ ስብራት የደም ዝውውርን አግዶ እግርን እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ወጌሻ ዘንድ መሄዱ ከሐኪም ሊቀድም አይገባም። ሐኪም እግሩን ለማዳን ከመጣሩም በላይ የጉዳቱን ልክ በጽሑፍ ይሰጣል። ለፖሊስ ማመልከት፣ የምስክሮችንና የመኪናውን ባለቤት ስም መያዝ፣ የወጪ ደረሰኞችን ማስቀመጥም ያስፈልጋል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ የተቀጣሪው ጊዜ ከዚህ ሊያጥር ስለሚችል ፈጥኖ መጠየቅ ይበጀዋል።

የልማት ሠራተኞች ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ እንደሚያስተምሩት ሁሉ ስለዚህም ከመውቂያው ወራት በፊት ሊያስረዱ ይገባል። የመኪና ባለቤቶችም ቺንጋውን ይከልሉ፤ የአንድ መከለያ ዋጋ ከአንድ እግር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሽማግሌዎች በበኩላቸው የሐኪሙን ወረቀት ሳያዩ ዕርቁን አይቋጩ።