ኃላፊነት ለመሣሪያ አይሰጥም





ዛሬ በየባንኩና በየኩባንያው የሒሳቡን መዝገብ ኮምፒዩተር ተክቶታል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም ገንዘብ በእጅ ስልክ ይላካል፤ የነዳጅ ዋጋም ይከፈላል። ይህ ሥልጣኔ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አንዳንድ የሥራ መሪዎች ከሥራው ጋራ ኃላፊነታቸውንም ለመሣሪያው ያስረከቡ ይመስላል። ባለጉዳይ ሲመጣ መልሱ «ሲስተም የለም» ነው፤ መቼ እንደሚመለስ የሚናገር አለቃ ግን አይገኝም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን እናስታውስ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰው ስሕተት ብዙ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። ያለ አግባብ የወጣውና የተላለፈው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር እንደሚበልጥ፣ ነገሩም ከውጭ የመጣ ጥቃት እንዳልነበረ ባንኩ ገለጠ። በሕዝብ ፊት ቀርበው ያስረዱት የባንኩ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ መሣሪያ ለጥያቄ አይቀርብምና።

እኔ መምህር ነኝ። ተማሪዬ «ካልኩሌተሩ እንዲህ አለ» ቢለኝ፣ «ስሌቱን ሠርተህ አሳየኝ» እለዋለሁ። አለቃም መሣሪያውን መጠገን ባይችል እንኳ፣ ሥራ ሳይጀመር «ማን ፈተሸው? ቢሳሳት ማን ያቆመዋል? ቢቋረጥ ባለጉዳዩ በምን ይስተናገዳል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህን ለመጠየቅ የኮምፒዩተር ትምህርት አያሻም፤ ለሥራው ማሰብ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ ሹሞቻችን አስቀድመው ቢጠይቁ ኋላ ከመጠየቅ ይድናሉ።

ከአክብሮት ጋራ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር